የደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ታሪክ

በሐብሩ አገር ከመርሳ ተነሥቶ ወልድያ የደረሰ መንገደኛ ፊቱን ወደ ምዕራብ ቢመልስ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ ያገኛል። ይህ መንገድ በድልብ በኩል ዳገቱን ወጥቶ ከደጋው ይደርሳል። ከጋሸና በስተ ደቡብ የዋድላና የደላንታ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ሁለቱንም የዥጣ ወንዝ ገደል ይለያቸዋል። ከደላንታ ማዶ ደግሞ የበሽሎ ወንዝ ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ ከበሽሎም ባሻገር ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ቆሟል። ስሙም መቅደላ ይባላል።

በዚህ አምባ ላይ ዛሬ የሚታየው የጥንት ነገር ጥቂት ነው። የፈረሰ የድንጋይ ካብ አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም ከክብደቱ የተነሣ የሚያነሣው ጠፍቶ በዚያው ቀርቷል። በ1860 ዓ.ም. ግን አምባው ከተማ ነበረ። ቤተ ክርስቲያን፥ የንጉሥ እልፍኝ፥ ግምጃ ቤት፥ ወኅኒ ቤት፥ የወታደርም ጎጆ ሞልቶበት ነበር። ያን ከተማ በዓይኑ አይቶ የሚመሰክር ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ የቤቶቹ መልክ ፈጽሞ ሳይረሳ የቀረው ከመቃጠላቸው በፊት ፎቶግራፍ ስለ ተነሡ ነው። በዚያ ከተማ ያደገው የንጉሡ ልጅ መልክም እንዲሁ በፎቶግራፍ ቀርቷል።

ዓለማየሁ የተወለደው በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ነው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ እናቱ እቴጌ ጥሩ ወርቅ ናቸው። ጥሩ ወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩ ታላቅ መስፍን ሲሆኑ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ተነሥተው ተማረኩ፤ ለገዛ ራሳቸው መንገሻ ብለው ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም የቴዎድሮስ ዘውድ መቀዳጃ ሆነ። እንግዲህ እቴጌ ጥሩ ወርቅ ያገቡት አባታቸውን ያሰረውን ሰው ነው። ትዳራቸው ሰላም ያነሰው ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። ሆኖም ልጁን አባቱም እናቱም እጅግ ይወዱት ነበር፤ የአባቱን ዙፋን ይወርሳል ተብሎም ይጠበቅ ነበር።

ዓለማየሁ ብዙውን የሕፃንነት ዘመኑን ከእናቱ ጋር በመቅደላ አሳለፈ። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፈው አለቃ ዘነብ መምህሩ ሆኖ ፊደል ያስቆጥረው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ዘመናቸው ሁሉ ዘመቻ ስለ ነበረ ከልጃቸው ጋር የኖሩት ጥቂት ጊዜ ነው።

በ1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው በለንደን መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሡም ክብራቸው እንደ ተነካ ቈጥረው እጅግ ተቈጡ፤ ካሜሮን የተባለውን የእንግሊዝ ቆንሲልና ሌሎችንም የውጭ አገር ሰዎች አሰሩ። ብዙ መልእክተኛ ተመላለሰ፤ እስረኞቹ ግን አልተፈቱም። በመጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት በሮበርት ናፒር አዛዥነት ከህንድ አገር 13,000 ወታደር ልኮ በቀይ ባሕር ዳር በዙላ አወረደ። ለመድፉ ማጓጓዣ 44 ዝሆኖች መጥተው ነበር። ከዙላ እስከ መቅደላ ያለው መንገድ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከዚህ ሠራዊት ጋር ከመሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ የሚያነሡ ጥቂት ወታደሮች ነበሩ። ዋና ሥራቸው የመንገዱን ካርታ በፎቶግራፍ እያባዙ ለጦር አለቆች ማደል ነበረ፤ በተረፋቸው ጊዜ ግን ያዩትን ሁሉ፥ ተራራውንም፥ ሰፈሩንም፥ ቤተ ክርስቲያኑንም፥ ሰውንም ያነሡ ነበር።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት እንደ ዛሬ ቀላል ሥራ አልነበረም። የሚነሣው በመስተዋት ላይ ነው። ሠራተኛው ንጹሕ መስተዋት ወስዶ ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያፈስበታል፤ ቀጥሎም ብር በሟሟበት መድኃኒት ውስጥ ይነክረዋል፤ መስተዋቱ ሳይደርቅ በሣጥኑ ውስጥ አግብቶ ብርሃን ያሳየዋል፤ ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ በሌላ መድኃኒት ያጥበዋል። ቢዘገይ መስተዋቱ ይደርቅና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከዚህ በኋላ በእንቁላል ነጭ የተቀባ ወረቀት ከመስተዋቱ ሥር አድርጎ ፀሐይ ላይ ሲያኖረው ሥዕሉ በወረቀቱ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው በሄደበት ሁሉ ጨለማ ድንኳን፥ የመድኃኒት ጠርሙስ፥ የመስተዋት ሣጥንና ውሃ በበቅሎ ተጭኖ ይከተለው ነበር። መስተዋት ጭኖ የዥጣንና የበሽሎን ገደል መውረድና መውጣት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ያን አገር በእግሩ የሄደበት ሰው ያውቀዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስም በበኩላቸው ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፎቻቸውን በሠረገላ እየጎተቱ በዋድላና በደላንታ አልፈው ከእንግሊዞች ቀድመው መቅደላ ገብተው ነበር። በገደሉ ላይ መንገዱን የጠረጉት ድንጋዩን በባሩድ እያፈረሱ ነው፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይሠሩ ነበር። የሚያሳዝነው ነገር የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ በዚያው ንጉሡ በጠረጉት መንገድ መጠቀሙ ነው።

በስቅለት ቀን ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ኢትዮጵያውያን ከአምባው ወርደው በጀግንነት ተዋጉ፤ ነገር ግን ጠመንጃቸው የድሮ ሲሆን የእንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስና ፈጥኖ የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ ነበረ። ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን በዚያች ማታ ወደቁ። ንጉሡም እስረኞቹን ሁሉ ፈተው ሰደዱ። ናፒር ግን ንጉሡ ራሳቸው እጃቸውን እንዲሰጡ አሰበ፤ እርሳቸው ደግሞ መማረክን አልወደዱም። በፋሲካ ማግሥት ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች የአምባውን በር ሰብረው ሲገቡ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ዓለማየሁ በዚያ ቀን ሰባት ዓመት ሊሞላው ዐሥር ቀን ቀርቶት ነበር።

በሚቀጥሉት ቀኖች ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ሣጥናቸውን በአምባው ላይ ተከሉ። ንጉሡ የወደቁበትን ኮኪት በር የተባለውን መግቢያ አነሡ፤ የንጉሡንም ቤት አነሡ። በሥዕሉ የሚታየው ቤት ሣር ክዳን ነው። ወርቅ የተለበጠ ቤተ መንግሥት አገኛለሁ ብሎ የመጣ ባዕድ ወታደር ቢኖር ሳያፍር አልቀረም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በአኗኗራቸው ጌጥ የማይፈልጉ፥ ብዙውን ዘመናቸውን በድንኳን ያሳለፉ ንጉሥ ነበሩና። የፈጠጠውን የአምባ ገደልም አነሡ፤ ከእስራት የወጡትንም ሰዎች በአንድነት አስቀምጠው አነሡ። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ሰው በሌለበት ግቢ መካከል ቤቶቹ ዝም ብለው ቆመው ይታያሉ።

ከዚያም ሚያዝያ 10 ቀን አምባው ተቃጠለ። ሣር ክዳኑ ሁሉ በአንድ ቀን ነደደ፤ የመድኃኔ ዓለምም ቤተ ክርስቲያን ከእሳቱ አልተረፈም። ያነሣውም ያቃጠለውም አንድ ሠራዊት ነው። ከመቃጠሉም በፊት የንጉሡና የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ተዘርፎ ነበር፤ ዘውዱ፥ ጽዋው፥ ታቦቱ፥ መስቀሉ፥ ብዙ መቶም የብራና መጽሐፍ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወጣ። በዚያ ሜዳ ላይ ዕቃው ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ከገዢዎቹ አንዱ በለንደን ካለው ታላቅ ሙዚየም ተልኮ የመጣ ሰው ነበረ።

እቴጌ ጥሩ ወርቅና ልጃቸው ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። እቴጌይቱ አስቀድሞ የሳንባ ሕመም ነበረባቸው፤ ሐዘኑም ጠናባቸው። መንገዱ በዋድላ፥ በላስታ ዳርና በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። እንደርታ ሲደርሱ ግንቦት 8 ቀን ዐረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። እንዲህ ልጁ በአንድ ወር ውስጥ አባቱንም እናቱንም ቤቱንም አጣ። እቴጌይቱ ልጃቸው በአገሩ በዘመዶቻቸው እጅ እንዲያድግ ይመኙ እንደ ነበር ይነገራል። አንዳንዶች ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው እኔ ብሞት ልጄን ለእንግሊዞች ስጡ ብለው ነበር ይላሉ፤ የንጉሡን ዙፋን የሚፈልጉ ብዙ ጠላቶች ስለ ነበሩ በአገሩ ቢቀር ሕይወቱ ያሠጋ ነበር። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተቈረጠም። የተፈጸመው ነገር ግን ናፒር ልጁን ወደ እንግሊዝ አገር ለመውሰድ መቁረጡ ነው።

ለልጁ ጠባቂ ሆኖ የተሰጠው ካፕቴን ስፒዲ የተባለ መኰንን ነበር። ስፒዲ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የማይተናነስ፥ ጢሙ ቀይ የሆነ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ዐፄ ቴዎድሮስን አገልግሎ ወታደር ሲያሠለጥን ቆይቶ ስለ ነበር አማርኛ ያውቃል፤ ባሻ ፈለቀ የሚል ስምም ወጥቶለት ነበር። አለቃ ዘነብ ልጁን ተከትሎ ጉዞ ቢጀምርም ከመንገድ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ዓለማየሁ በቋንቋው የሚያናግረው ሰው ስፒዲና አንድ አሽከር ብቻ ሆኑ። ሌሊት ድንጋጤ ይይዘው ስለ ነበር ስፒዲ አጠገቡ ካልሆነ አይተኛም ነበር።

በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. መርከቧ እንግሊዝ አገር ደረሰች። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ ዋይት ወደምትባል ደሴት ተወሰደ። ዋይት በእንግሊዝ ደቡብ ያለች፥ በባሕር የተከበበች ትንሽ አውራጃ ናት። ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያች ደሴት ኦስቦርን የተባለ የበጋ ቤት ነበራቸው፤ ልጁን በዚያ ተቀብለው አዩት፤ መልኩንና ጠባዩንም ወደዱት። እስኪሞት ድረስም ስለ እርሱ መጠየቅን አልተዉም።

በደሴቲቱ ምዕራብ ፍሬሽዋተር በሚባል መንደር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት ትኖር ነበር። በመቅደላ ከታሰረው ከቆንሲሉ ጋር ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሰውዬው ሌላ ነው። ይህች ሴት በህንድ አገር በካልካታ ተወልዳ፥ ልጆች ወልዳ አሳድጋ፥ በ48 ዓመቷ ልጅዋ ካሜራ ብትሰጣት ያን ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረች። ዲምቦላ በሚባለው ቤቷ ግቢ የነበረውን የዶሮ ቤት አስጠርጋ ማንሻ ቤት አደረገችው። መድኃኒቱ እጅዋንና ልብስዋን ያጠቁረው ነበር፤ እርስዋ ግን አታፍርም ነበር። ጎረቤትዋን ባለ ቅኔውን ቴኒሰንንም፥ የቤት ሠራተኞችዋንም፥ በመንገድ ያገኘችውንም ልጅ አስቀምጣ ታነሣ ነበር። በዕድሜ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ሥራውን ከፍጹምነት ሊያደርስ እንደሚችል ሥራዋ ይመሰክራል፤ ዛሬ በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ መካከል ትቈጠራለች።

ካሜሮን ዓለማየሁን በዚያ ክረምት ብዙ ጊዜ አነሣችው። በአንዳንዱ ብቻውን ነው፤ በአንዳንዱ ከስፒዲ ጋር ነው፤ ስፒዲም የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ጋሻና ጦር ይዞ ይታያል። ልጁ ነጭ ልብስ ለብሷል፤ በአንገቱ ጌጥ አለ። ፊቱ ፈገግታ የለበትም።

ስለዚህ ፊት ብዙ ሰው ብዙ ነገር ተናግሯል። እውነት ነው፥ ልጁ ካዘነ ገና ጥቂት ወር ብቻ ሆኖት ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ከካሜራው ፊት ሳይንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ መቆየት ነበረበት፤ ካሜሮን ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ታስቆይ ነበር፤ ስለዚህ በሥዕሎችዋ ውስጥ የሚስቅ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። የልጁ ሐዘን የታወቀው ከፎቶግራፉ ይልቅ ከሌሊት ፍርሃቱ ነው። ፎቶግራፍ የፊትን መልክ በትክክል ያሳያል፤ በልብ ያለውን ግን ተመልካቹ ራሱ ይጨምርበታል። ስፒዲ የያዘው ጋሻና የለበሰው ካባም ይህንኑ ያስረዳል፤ ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ስፒዲን የኢትዮጵያ አርበኛ ሊለው ይችላል።

ስፒዲ በደሴቲቱ ሚስት አገባ፤ በ1861 ዓ.ም.ም በህንድ አገር የፖሊስ ሹመት ስላገኘ ልጁን ይዞ ከሚስቱ ጋር ወደዚያ ሄደ። ሙቀቱ፥ ፀሐዩና የፈረስ ግልቢያው ለዓለማየሁ ተስማማው፤ እነዚያ ዓመታት ከሌሎቹ ይልቅ ደስ ያለው ዘመን ነበሩ። በኋላም ስፒዲ ወደ ማላያ አገር ወደ ፔናንግ ተዛወረ። በለንደን ያሉ የመንግሥት ሹማምንት ግን ልጁ በእንግሊዝ አገር በትምህርት ቤት ማደግ አለበት ብለው ፈረዱ። ንግሥቲቱ ልጁ ከሚወደው ሰው ባይለይ ይሻላል ብለው ተከራከሩለት፤ ሹማምንቱ ግን አልሰሟቸውም። ዓለማየሁ በ1864 ዓ.ም. ከስፒዲ ተለይቶ ቼልትናም ወደሚባል ከተማ ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ሁለተኛው መለያየት ነው፤ ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር።

በኢትዮጵያ የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ በሕይወት ነበሩ። ባሕር ተሻግሮ ለሄደው የልጅ ልጃቸው ደብዳቤ እያጻፉ ይልኩ ነበር። ልጁ ግን አማርኛውን እየረሳ ሄዶ ነበር። ቋንቋ የሚጠበቀው በየቀኑ ሲናገሩት ነው፤ በቼልትናም ግን በአማርኛ እንዴት አደርህ የሚለው አንድ ሰው አልነበረም።

በቼልትናም አስተማሪው ጄክስ ብሌክ የሚባል ቄስ ነበር። በ1866 ዓ.ም. ቄሱ ራግቢ ለሚባለው ታላቅ ትምህርት ቤት አለቃ ሆኖ ሲሾም ልጁን ይዞት ሄደ። ዓለማየሁ በመጽሐፍ ትምህርት ብዙ አልገፋም፤ በኳስ ጨዋታ ግን ብርቱ ነበር። ጓደኞቹ ይወዱት እንደ ነበር ይነገራል። ከዚህ ዘመን የቀሩት ፎቶግራፎች ከመጀመሪያዎቹ ይለያሉ፤ ነጭ ልብሱና የአንገት ጌጡ ቀርተው ኮትና ክራባት የለበሰ፥ ጠጕሩን ያበጠረ ጎልማሳ ይታይባቸዋል። ከራግቢ በኋላ የእንግሊዝ መኰንኖች ወደሚሠለጥኑበት ወደ ሳንድኸርስት ተላከ። ያ ስፍራ አልተስማማውም። ወደ አገሩ መመለስን ይመኝ ነበር፤ የሚፈቅድለት ግን አልተገኘም።

በ1872 ዓ.ም. መጀመሪያ ዓለማየሁ በእንግሊዝ ሰሜን ባለችው በሊድስ ከተማ፥ ቀድሞ በራግቢ ባስተማረው በራንሰም ቤት ይማር ጀመር። ሊድስ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በልግና ክረምትዋ ብርድና ጢስ ነው። ብዙ ሳይቆይ ሳንባው ታመመ። በሕመሙ መካከል መርዝ ሰጥተውኛል ብሎ በመጠርጠር ምግብና መድኃኒት እምቢ አለ። ንግሥቲቱ በቴሌግራም ይጠይቁ ነበር። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ሞተ፤ ዕድሜው 18 ዓመት ነበረ። ፎቶግራፍ ያነሣችው ጁሊያ ካሜሮንም በዚያው በፈረንጆች ዓመት በ1879 በሴሎን ደሴት ሞታለች።

በንግሥቲቱ ትእዛዝ በዊንዘር፥ የእንግሊዝ ነገሥታት በሚቀበሩበት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አጠገብ ተቀበረ። በቀብሩ ላይ ናፒርና ስፒዲ ቆመው ነበር፤ አንዱ ከአገሩ ያስወጣው፥ ሁለተኛው እንደ ልጁ ያሳደገው ሰው ነው። በቤተ ጸሎቱ ውስጥ ስሙ የተጻፈበት የናስ ሰሌዳ ተተክሏል።

ኢትዮጵያ አፅሙ እንዲመለስላት በ1999 ዓ.ም. በፕሬዚዳንቱ ስም ለእንግሊዝ ንግሥት ጠይቃ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በሰጠው መልስ በዚያው ስፍራ ብዙ ሌሎች ሰዎች ስለ ተቀበሩ የእነርሱን ዕረፍት ሳያውኩ የዓለማየሁን አፅም ማውጣት አይቻልም ብሏል። ከዚህ ቀደም በ2011 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስ ተቈርጦ የተወሰደው ጠጕር ከለንደን የጦር ሙዚየም ወጥቶ ለኢትዮጵያ ተመልሶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያም በስፒዲ ዘመዶች ዘንድ ሲጠበቅ የኖረ አንድ የዓለማየሁ ጠጕር ቁራጭ በለንደን ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ።

በፍሬሽዋተር ያለው የዲምቦላ ቤት ሊፈርስ ተቃርቦ ሳለ ወዳጆቹ አድነውት ዛሬ የፎቶግራፍ ሙዚየም ሆኗል። የኦስቦርንም ቤት ለጎብኚዎች ክፍት ነው። የመቅደላ ቤቶች ግን ከመሐንዲሶቹ ፎቶግራፎች በቀር ሌላ ማደሪያ የላቸውም። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ከጦርነቱ 150 ዓመት ሲሞላ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድና ጽዋ ከዘመኑ ፎቶግራፎች ጋር ለሕዝብ ታይቶ ነበር። የእቴጌ ጥሩ ወርቅ ልብስም፥ በጥልፍ ያጌጠው የጥጥ ቀሚሳቸው፥ በዚያው ሙዚየም ተቀምጦ ይገኛል።